ያልታረመው ካርድ

በአቶ አሰግድ ሰልስት የታየው ፊልም ማንንም አላስለቀሰም። ብልሽቱ የተነገረኝ በዚህ መልክ ነው። ሌላው ደንበኛ «ድምፁና አፉ አልገጠመም»፣ «ምስሉ እየዘለለ ነው»፣ «ፋይሉ አልከፈት አለ» ይላል። እትዬ ዘርፌ ግን ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ፣ አያስለቅስም። ይጠገናል?»

«ምኑ ነው የማያስለቅሰው?»

«ባሌ።»

ትርንጎ እባላለሁ። ሱቄ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ነው፤ የተበላሸ ቀረጻ እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ላስተምርሽ ብሎ የሚመጣ ካለ መጀመሪያ እኔ እፈትነዋለሁ፤ እስካሁን ያለፈ የለም። የተማርኩት የሰው ላፕቶፕ እያበላሸሁ ነው፤ ባለቤቶቹ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይሻገራሉ።

«ቁጭ ይበሉ» አልኳቸው። «ከመጀመሪያው ይንገሩኝ። ሲነግሩኝ ደግሞ አያልቅሱብኝ፣ ኪቦርዴ ውሃ አይወድም።»

«ማልቀስ ብችልማ መች እመጣ ነበር!»

ይህቺን መልስ ወደድኳት። ስልኩን አነሣሁ።

በሰልስት ፊልም ማሳየት ልማድ ሆኗል። የእድሩ ድንኳን ሲተከል መጋረጃው አብሮ ይወጠራል፣ ካሜራውም ምሰሶው ላይ ይሰቀላል፤ ካሜራው ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ ይይዛል። ለቀስተኛው ሟችን መጋረጃው ላይ ያያል፣ ደረቱን ይደቃል፣ እርሙን ያወጣል፣ ንፍሮውን ዘግኖ ወደ ሥራው ይሄዳል። በአቶ አሰግድ ሰልስት ሰዉ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየው። አንዱ አሳለ። ሌላው ሰዓቱን አየ። የሰፈሩ አልቃሽ እትዬ ደብሪቱ፣ ስንቱን ወንድ መሬት ላይ ያንከባለሉት ሴትዮ፣ ሙሾ ሊያወርዱ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት።

«በጆሮዬ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?» አሉ እትዬ ዘርፌ። «‹ማነው ይሄ ሰውዬ?› አለችኝ።»

ፊልሙን ከፈትኩት። ጎልማሳ ሰው መናኸሪያው በር ላይ ቆሟል። ሁለቱ ዓይኖቹ እኩል ናቸው፣ ኮሌታው ቀጥ ብሏል። ወደ ካሜራው ዞሮ «ዘርፌ፣ ምሳ ደረሰ እንዴ?» ይላል፣ ጥርት ባለ፣ ዜና በሚያነብ ሰው ድምፅ።

«ምን ጎደላቸው? ጥሩ ሰው ይመስላሉ።»

«ጥሩ ሰውማ ነው። እኔ ግን አላውቀውም።»

አቶ አሰግድ የመናኸሪያ ተጣሪ ነበሩ። አውቶቡሶቹ ያለ ሾፌር መሄድ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ተጣሪ ግን አልቀረም፣ ሰው ካልጠሩት አይሳፈርም።

«‹ወልድያ! ወልድያ!› ሲል እንደ ውሃ ነው የሚፈስለት» አሉ። «ለስድብም አይቸገርም። የሚወደውን ሰው ስም ሊጠራ ሲል ብቻ ይያዛል። ግራ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትንፋሹን ያምቃል፣ ጭኑን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፣ ከዚያ ይመጣል። እናቱም እህቶቹም ይጨርሱለት ነበር፤ ‹ዘርፌን ነው? መጣች፣ መጣች› ይሉታል። እኔ አንድም ቀን ጨርሼለት አላውቅም። እስኪጨርስ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ሲጨርስ ‹አቤት› እላለሁ። እንደሱ ሆነን ነው የኖርነው።»

አራሚው ነው፤ ገባኝ። ምስልና ድምፅ የሚያቃናው ፕሮግራም፣ አራሚው፣ የሌለበት ካሜራ አሁን አይሠራም። ያዛጋን አፍ ይዘጋል፣ የተጣመመ ኮሌታ ያቃናል፣ ዝንብ ያባርራል። አዋላጅ ለእናት በምታሳየው የመጀመሪያ ምስል ላይ ሕፃኑ አያለቅስም፣ ደም የለበትም። ይህን ማንም በግድ አላመጣውም። ሰው የታረመ ፊቱን አየ፣ ወደደው፣ በዚያው ቀረ። የድሮ ቀረጻም ቢሆን በአዲስ ማሽን አንድ ጊዜ ከተከፈተ ወዲያው ይታረማል፤ የታረመው ባልታረመው ላይ ይጻፋል። መንተባተብ በአራሚው ዓይን ከዝንቡ አይለይም።

«የሠርጋችሁስ?»

«በየዓመቱ በዓሉን ስናከብር በቴሌቪዥን እናየው ነበር።»

«እንግዲያው በእጃችሁ አጥባችሁታል።»

ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ፤ ምላሴን መሰብሰብ ነበረብኝ፣ አልሰበሰብኩም። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ትርንጎ፣ ይህን ፊልም ቀን ከሌት ሳይ ሰነበትኩ። አሁን ድምፁን ላስታውስ ስል የሚመጣብኝ የዚህ ሰውዬ ነው። ትናንት ዓይኔን ጨፍኜ እሱን ስጠብቅ፣ ይሄ መጥቶ ‹ዘርፌ› አለኝ፣ ሳይደናቀፍ። የኔው እየሄደብኝ ነው። አርባው ሳያልፍ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደነበረው አሰሚኝ።»

የሚጠገን ነገር አለ ብዬ አልዋሸኋቸውም። ፊልሙን እንዲተዉልኝ ብቻ ጠየቅኋቸው።

መጀመሪያ ማንም የሚያደርገውን አደረግሁ። የእርማት መጠኑን ዝቅ አልኩት፤ የመጨረሻው ዝቅታ «መጠነኛ» ይላል፣ ከዚያ በታች የለም። ድምፁን ከምስሉ ለየሁና ሞገዱን አጉልቼ አየሁት። «ዘርፌ» ከሚለው በፊት መሰንጠቂያ ነበረ፤ ትንፋሽ የታመቀበት ቦታ ተቆርጦ ሁለቱ ጫፍ ተጣብቋል። የተቆረጠው ግን የትም የለም። ምስሉ ላይ ጣታቸው ጭናቸውን ሊመታ ተነሥቶ በመሃል ጠፍቷል፤ በቦታው የተረጋጋ እጅ ተስሏል። ሰውን በጥንቃቄ ገድሎ ደሙን ያጠበ ሰው ሥራ ይመስላል።

ከዚያ ትዕቢቴ መጣ። አራሚው ካወጣ እኔ እመልሳለሁ አልኩ። ሶፍትዌሩን መንተባተብ እንዲጨምር አዘዝኩት። ጨመረ። እትዬ ዘርፌን ጠርቼ አሰማኋቸው። በኮምፒውተሬ ማያ ላይ አቶ አሰግድ «ም-ም-ምሳ ደ-ደ-ደረሰ?» አሉ።

እትዬ ዘርፌ ተነሥተው ቆሙ።

«ዝጊው።»

«ቢያንስ ይቀርባል ብዬ…»

«ዝጊው አልኩሽ! ይሄ አሰግድ አይደለም፣ በአሰግድ የሚያላግጡ የሰፈር ዱርዬዎች ናቸው። ምሳ ላይ መቼ ተያዘ? ምሳን አይወደውም!»

ዘጋሁት። አፍሬ አላውቅም፤ ያን ዕለት ግን ጀርባዬን ሰጥቼ ኬብል ስጠቀልል ቆየሁ።

ካርዱን ያገኘነው በእትዬ ደብሪቱ ነገረኝነት ነው። አርባው ሲቀርብ ሴትዮዋ «ፊልማችሁን ለራሳችሁ፤ እኔ በዱሮው ነው የማወርደው፣ የሟቹን ልብስ አምጡልኝ» አሉ። የሟቹን ልብስ አንሥቶ እያሳዩ ማልቀስ ከቀረ ስንት ዘመኑ! እትዬ ዘርፌ ሳጥን ከፈቱና የሠርግ ኮቱን አወጡ። ሲያራግፉት ከውስጥ ኪሱ ጥፍር የምታክል ነገር መሬት ላይ ዱብ አለች። ይዘዋት ወደ ሱቄ ሮጡ፤ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ አልነበረም።

«ሚዜው ነው!» አሉ ትንፋሽ እያጠራቸው። «በሠርጉ ማለዳ በራሱ ካሜራ ሲቀርጸው ነበር። ካርዱ ጠፋብኝ እያለ እስኪሞት ሲቆጭ ኖረ። ለካ አሰግድ ኪስ ውስጥ ከቶለታል!»

ካርዷን በሁለት ጣቴ ይዤ አየኋት። የተጋቡት አራሚው ከመምጣቱ በፊት ነው። ይህች ካርድ ደግሞ ከዚያ ማለዳ ወዲህ ማሽን ነክቷት አያውቅም።

«የት ነው የምትከቻት?» አሉኝ፣ እጄን እንደ ሌባ እጅ እያዩ።

«አብሽሩ። እዚህ ካሉት በየትኛውም አልከታትም።»

ከመደርደሪያው ሥር አሮጌውን ላፕቶፕ አወጣሁ። ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ አያውቅም፣ አራሚ የሚባል አልሰማም። የራሱ ዲስክ ሞቷል፤ ማጫወት ይችላል፣ መያዝ ግን አይችልም። ኮፒውን ወደ ሌላ ላሻግረው ብል የሚቀበለው ማሽን ሲቀበል ያርመዋል። ካርዷን ሰካኋት። ፋይሏ ታየች። ለአፍታ የመስኮት ብርሃንና የሰው ትከሻ መጣ፤ ወዲያው ካርዷ እንደ ፍም ጋለችና ምስሉ ጠፋ። ነቅዬ አቀዘቀዝኳት። ደግሜ ስሰካት ስሟ ብቻ ለመታየት ብዙ አስጠበቀችን።

«እውነቱን ልንገርዎ» አልኩ። «አርጅታለች። ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ብትጫወት ነው። እሱም እስከ መጨረሻው ላይሆን ይችላል። በሩን ልዝጋልዎና ብቻዎን ይዩት።»

ብዙ አላሰቡም።

«አይሆንም። ድንኳኑ ውስጥ ነው።»

«እትዬ ዘርፌ፣ አንድ ሰው ቢያስነጥስ እኮ ያመልጥዎታል!»

«ብቻዬን ከሰማሁት፣ ነገ ያ ሰውዬ መጥቶ ‹ዘርፌ› ሲለኝ ማን ይመሰክርልኛል? ሰው ይስማልኝ። ሲጠፋብኝ የምጠይቀው ሰው ይኑረኝ።»

በአርባው ቀን ከተዝካሩ በኋላ ላፕቶፑን ታቅፌ ድንኳን ገባሁ። የእድሩ ዳኛ አቶ ምንዳዬ በር ላይ ያዙኝ።

«መጋረጃው እያለ ይሄ ምንድነው?»

«መጋረጃው ያርማል። ሁሉም ስልኩን ይዝጋ፣ ምሰሶው ላይ ያለውንም ካሜራ ይሸፍኑልኝ።»

«የእድሩ ካሜራ አይሸፈንም። ሰው መገኘቱ በምን ይታወቃል?»

«እዚህ በመቀመጡ ነዋ!»

«ደንብ ነው፣ ልጄ።»

«አቶ ምንዳዬ፣ እርስዎ እኮ ሞተው ቢነሡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ‹ማን ቀረ?› ብለው ነው!»

ከኋላ አንዱ ሳቀና ሳቁን በነጠላው አፈነው። አቶ ምንዳዬ ካሜራውን አልሸፈኑም። እኔም ትቼው ላፕቶፑን መሃል ላይ፣ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። ማያዋ ትንሽ ናት። ሰዉ ተነሥቶ ከበባት፤ ራስ ከራስ ተጋጠመ፣ የካፖርትና የዝናብ ሽታ ሸተተኝ። እትዬ ዘርፌ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እትዬ ደብሪቱ ኮቱን በክንዳቸው ይዘው ከጀርባቸው ቆሙ። ካርዷን ሰካሁ።

መጣ።

ጠባብ ክፍል፣ ጠዋት። ልጅ እግር ሙሽራ መስታወት ፊት ከረባቱ ጋር ይታገላል። እዚያ ላይ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ አንቱ ለማለት አፌ እምቢ አለኝ። ኮሌታው ጠሟል። አገጩ ሥር ሲላጭ የቆረጠው አለ፣ ደሙ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፎበታል። የሚዜው ድምፅ ከካሜራው ጀርባ «ሙሽራው! ሽማግሌዎቹ ፊት እንደሱ ካሰርከው አይሰጡህም!» ይላል።

«አንተን ብሎ ሚዜ! ቀረጻህን ትተህ ና እሰርልኝ፣ አህያ!» አለ ሙሽራው። ስድቡ እንደ ውሃ ፈሰሰ።

ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ሴት «እሱ ነው» አለች፣ ለራሷ ያህል።

«እስቲ ለሙሽሪት አንድ ነገር በላት» አለ ሚዜው። «ስታረጁ ታዩታላችሁ።»

ሙሽራው ወደ ካሜራው ዞረ። ሳቁ ቀረ። ግራ ዓይኑ ተጨፈነ። ደረቱ ተነፋና ቆመ። ጣቱ ጭኑን መታ፣ ደግሞ መታ።

«ዘ…»

እትዬ ዘርፌ በበርጩማቸው ወደ ማያዋ ጠጋ አሉ።

«ዘ… ዘ…»

«ዘርፌ በላ!» አለ ሚዜው።

«ዝም በል!» አለ ሙሽራው፣ ሳይደናቀፍ። «አንተ አትጨርስልኝ። እሷ ትጠብቀኛለች። እስክጨርስ ትጠብቀኛለች።» ደግሞ ዓይኑን ጨፈነ፣ ደግሞ ትንፋሹን አመቀ። ጣቱ ጭኑን መታ።

«ዘ…»

ማያዋ ጠቆረች።

እጄን ካርዷ ላይ አደረግሁ፤ ታቃጥላለች። ነቅዬ ልሰካት ስል እትዬ ዘርፌ እጄን ያዙኝ። ዓይናቸው የጠቆረው ማያ ላይ ነው። እየጠበቁ ነበር። ድንኳኑ በሞላው አብሯቸው ጠበቀ። ውጭ አውቶቡስ አለፈ። የድንኳኑ ሸራ በነፋስ ተነፍቶ ወደቀ። አቶ ምንዳዬ ቆባቸውን አወለቁ።

ከዚያ እትዬ ዘርፌ ቀስ ብለው፣ ከሌላ ክፍል እንደተጠራ ሰው፣

«አቤት» አሉ።

እትዬ ደብሪቱ ኮቱን በሁለት እጃቸው ከፍ አደረጉት።

«ጀምሮ ነው እንጂ መቼ ጨረሰና፣
ደጁን አትዝጊበት ይመለሳልና!»

ድንኳኑ ተቀደደ ማለት ይቀላል። የመናኸሪያው ተጣሪዎች ደረታቸውን እየደቁ ስሙን ጠሩት፣ አቶ ምንዳዬ ምሰሶውን አቅፈው አለቀሱ። እኔ በሰው ሬሳ አልቅሼ የማላውቀዋ አፍንጫዬን በላፕቶፑ ሽፋን ጠረግሁ። እትዬ ዘርፌ ከበርጩማቸው ወርደው መሬት ላይ ነበሩ፤ ሲያለቅሱ ፊታቸው እንደ ምጥ ፊት ነው፣ አያምርም፣ እውነት ነው። ካርዷ ከዚያ በኋላ በምንም አልተነሣችም።

የእድሩ ፊልም በማግሥቱ ለሁሉም ስልክ ተላከ። ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ከፈትኩት።

ድንኳኑ ጸጥ ያለ ነው። ለቀስተኞች በሥርዓት ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደረቅ፣ ነጠላቸው ንጹሕ። አንዲት ዘለግ ያለች፣ ፀጉሯ የተበጠረ ልጅ ገብታ ለአቶ ምንዳዬ እጅ ትነሣለች። «አቶ ምንዳዬ፣ ስለ መስተንግዶው እናመሰግናለን» ትላለች በማር ድምፅ። እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ መልሼ አየኋት። በሕይወቴ ለማንም እንደሱ አላመሰገንኩም። ቀጥሎ ሰዉ ላፕቶፑን ይከባል። ከትንሿ ማያ የሙሽራው ድምፅ ይመጣል፣ ለስላሳ፣ ያልተቆራረጠ፦ «ዘርፌ።» እትዬ ዘርፌ ፈገግ ይላሉ። እትዬ ደብሪቱ ኮቱን ያጥፋሉ። ያ ነው፤ አለቀ።

ስልኬ ጠራ።

«ትርንጎ፣ አየሽው?» እትዬ ዘርፌ ናቸው።

«አየሁት።»

«ጨረሰው እኮ። ፊልሙ ላይ ጨረሰው።»

«አልጨረሱም፣ እትዬ። እዚያው ነበርኩ።»

«አላለቀስንም ይላል።»

«አልቅሰናል። እርስዎ መሬት ላይ ነበሩ። አቶ ምንዳዬ ምሰሶ አቅፈው ነበር።»

ትንፋሻቸው ይሰማኛል፤ ወይም ስልኩ ትንፋሽ ይመስላል ብሎ ያመጣልኝ ነገር።

«ከማየቴ በፊት ጆሮዬ ውስጥ ነበር» አሉ። «ለምን አየሁት? አሁን ስጠብቀው ጨርሶ ይመጣል። እንዴት ነበር ያለው? በይልኝ።»

ሰው ይሰማኛል ብዬ በሩን አየሁ። ግራ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ትንፋሼን አመቅሁ፣ ጠረጴዛውን በጣቴ መታሁ።

«ዘ… ዘ…»

«እ?»

«ዘ…»

«ትርንጎ፣ ‹ዘርፌ› ነው የሚሰማኝ። ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው።»

ደግሜ ሞከርኩ። ስልኩ አርሞት ደግሞ ቀጥ ብሎ ደረሳቸው። ስልኬን ከጆሮዬ አውርጄ እንደ እባብ አየሁት።

«ቤት ነዎት?»

«የት እሄዳለሁ?»

«ዘግተው ይጠብቁኝ። ስልኩን ማለቴ ነው፤ ደጁን አይዝጉ።»

ሱቁን ቆልፌ አቀበቱን በእግሬ ወጣሁት። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ይዞታል። ከፊት የሚመጣው ሰው አጠገቤ እስኪደርስ አይታየኝም። እያንዳንዱ ምሰሶ ላይ ካሜራ አለ፤ እነሱ ውስጥ ዛሬ ደሴ ጭጋግ የላትም። እየሄድኩ በአፌ እለማመዳለሁ። ትንፋሹ መጀመሪያ ላይ ነው የሚታመቀው ወይስ ከሁለተኛው «ዘ» በኋላ? ጣቱ ከዓይኑ ይቀድማል? ማንም አላስተማረኝም እያልኩ የኖርኩ ሰው፣ አንድ የሞተ ሰው እንዲያርመኝ ለመንኩ።

የእትዬ ዘርፌ ደጅ ገርበብ ብሏል። ኮቱ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። እሳቸው ውስጥ ናቸው፤ አይታዩኝም፣ የበርጩማው ድምፅ ግን ሰማሁ። አልገባሁም። ደፉ ላይ ቆምኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ጭኔን መታሁ።

«ዘ…»

ካርዷ በሞተችበት ፊደል ላይ አቆምኩ።

ከውስጥ ድምፅ አልመጣም። እየጠበቁኝ ነው።